አክተሩ ማን ነበር?

ለእናንተ ለወጣቶቹ፣

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአማካሪነት በምሠራበት ቢሮ ያለች አንዲት ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ካዩት ፊልም ሁሉ በጣም የወደዱት የቱን ነው?» አለችኝ። ስሙ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ሰው ሁሉ የሚያከብረውን አንድ የፈረንጅ ፊልም ጠራሁላት። ስልኳን አውጥታ የተሰጠውን ነጥብ አየች፤ «እውነትም ጥሩ ነው» ብላ ወደ ምግቧ ተመለሰች። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። 68 ዓመት ሞልቶኝ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የመስኖ ቦይ ስቀይስ ኖሬ፣ የምወደውን ፊልም ስም መጥራት ዛሬም አፈርኩ።

ፊልሙ «ማዘር ኢንዲያ» ነው። የሕንድ ፊልም ነው፤ መህቡብ ካን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት።

ያሳየኝ አጎቴ ነው። መርካቶ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ መኪናውን ይሸፍንና እጄን ይዞ ሲኒማ ራስ ይወስደኛል። ሂንዲ አያውቅም፤ እንግሊዝኛም አያውቅም። ግን ያየውን ፊልም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለደንበኞቹ አንድ ሳያስቀር ይተርካል። የሚተርከው በእግሩም ጭምር ነበር። ፈረስ ሲጋልብ ፔዳሉን ያፈጥነዋል። እናትየዋ በሬ አጥታ ማረሻውን በገዛ ትከሻዋ ስትጎትት ቀስ ያደርገዋል። ባልየው ሁለት እጁን ቋጥኝ ጨፍልቆበት፣ ጥሏት በሌሊት ሲሄድ እግሩ ቀጥ ይላል፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ይቀራል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሰውዬ ሱሪውን ረስቶ ቆሞ ያዳምጣል።

እኛ ልጆች በዚያን ጊዜ አንድ ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። ካራቴም ይሁን ካውቦይ ፊልም ከመጀመሩ «አክተሩ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ እሱን ከለየን በኋላ ስጋት የለብንም። ታዲያ የዚህ ፊልም መጨረሻ ላይ ቢርጁ የሚባለው ሽፍታ ልጅ የአራጣ አበዳሪውን ሴት ልጅ ጠልፎ በፈረስ ሲሸሽ፣ የገዛ እናቱ ተኩሳ ትጥለዋለች። ብድግ ብዬ «አክተሩ ሞተ!» ብዬ ጮህኩ። አጎቴ ሹራቤን ጎትቶ አስቀመጠኝ። ጉንጩ በእንባ ርሷል፣ ግን አይጠርገውም። «ዝም በል» አለኝ፣ «አክተሯ እናትየዋ ናት።»

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ዘመኑ ደርግ ነው። የሕንድ ፊልም ማየት እንደ ኋላቀርነት በሚቆጠርበት ክበብ ውስጥ ዋልኩ። የሶቪየት የጦርነት ፊልም አሳይተውን ነበር። ልቤን አልነካውም፤ ጓደኞቼ ሲያደንቁት ግን እኔም አብሬ አደነቅኩ። በዚያው ሰሞን ከሁለት የዶርም ጓደኞቼ ጋር መርካቶ ወረድኩና አጎቴን ልጠይቀው ጎራ አልን። ገና ሲያየኝ ከኪሱ ሁለት ትኬት አወጣ። «ተመልሳ መጣች እኮ!» አለኝ። «እሷ» ማለቱ ፊልሟ ናት። ጓደኞቼ ተያዩ። እኔም በደንበኞቹ ፊት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያልተማረ ሰው ማልቀሻ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላይም» አልኩት።

አልተቆጣም። ትኬቶቹን ከሳሙናው ቁራጭና ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠ። «እሺ፣ ልጄ» አለና ፔዳሉን ረገጠ። ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ ፊልም አንድ ቃል አላወራኝም። ስሄድ ሻይ ያስመጣልኛል፣ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል፣ በቃ። የሞተው እኔ አዋሽ ሸለቆ ሥራ ላይ እያለሁ ነው፤ ለቀብሩ አልደረስኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዋሽንግተን የሚኖር ዘመዴ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዲስክ አመጣልኝ። ኃይሌ ይህን ፊልም የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ ሥርዓት እየፈረሰ ሳለ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዝግ ያለ ነው። ጭሰኛው ቤተሰብ ያርሳል፤ ባለመሬቱ ተቀምጦ ያዛል። በጣም ወደድኩት። መሐል ላይ ግን ማየት አቃተኝና አጠፋሁት። አጎቴ የእኩል አራሽ፣ ከምርቱ እኩሌታውን ለባለመሬቱ የሚሰጥ ጭሰኛ ልጅ ነበር። ይሄንኑ ነገር እኮ ነው በሕንድ ቀለምና ዘፈን አይቶ ሲያለቅስ የነበረው! እኔ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያልኩ በሰልፍ የጮህኩ ልጅ ነኝ። ጩኸቴን ሰምቼ የእሱን ልቅሶ አልሰማሁም።

«ማዘር ኢንዲያ»ንም ፈልጌ፣ ከሥር ጽሑፍ ያለበትን፣ እንደገና አየሁት። የአጎቴ ትረካ ከአንድ ቦታ በስተቀር ትክክል ነበር። አማቲቱ ለሠርግ ብላ 500 ሩፒ ተበድራለች፤ ሽማግሌዎቹ ለአበዳሪው ይፈርዱለትና ከምርቱ ከአራት እጅ ሦስቱን ይወስዳል። አጎቴ ግን ሁልጊዜ «እኩሌታውን ወሰደባት» ነበር የሚለው። እኩሌታው ከፊልሙ አይደለም፤ የአባቱ ነው።

እናንተን የምመክራችሁ ብዙ የለኝም። ስልክ ዝጉ፣ ሰዓት አክብሩ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የማልወደው ነገር ግን አለ፤ ፊልሙ ሳያልቅ ነጥቡን መፈለጋችሁ። መብራቱ ሲበራ ጎናችሁ ያለውን ሰው ፊት እዩ፣ የራሳችሁን ልብ ጠይቁ፣ ነጥቡ ይደርሳል። የሁለት ሰዓቱን ፊልም በአሥር ደቂቃ የሚተርክላችሁን ሰው ሰምታችሁ «አይቼዋለሁ» ማለታችሁም ያናድደኛል። ይህን ስጽፍ ደግሞ እጄ ይቆማል፤ ከወደድኳቸው ፊልሞች ግማሹን የማውቃቸው ከአጎቴ አፍ ነው። እንግዲህ ተራኪው ሲተርክ የራሱ እግር የሚቆምበት ቦታ ካለ ስሙት።

መጥላትም አትፍሩ። ደሃው ልጅ ሀብታም መስሎ ሴቷን የሚያታልልበትን የአማርኛ ኮሜዲ አልወድም፤ ስንት ጊዜ መሐል ላይ ተነስቼ ወጥቻለሁ። ድህነታችንን በዋሽንት እያጀበ ለውጭ ሰው የሚያሳየውን ደግሞ ከዚያ የበለጠ እጠላዋለሁ። እህቴ ግን ኮሜዲዎቹን አንድም አያመልጣትም፤ ስትስቅ አጠገቧ እቀመጣለሁ እንጂ ምንም አልላትም።

የ«ማዘር ኢንዲያ»ን አጀማመር ከአርባ ዓመት ሥራ በኋላ ነው በሚገባ ያየሁት። አርጅታ የተጎሳቆለችው እናት የመንደሩን የመስኖ ቦይ እንድትመርቅ ይለምኗታል። እኔ ስንት ቦይ ሲመረቅ ቆሜያለሁ። ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን ነው፤ አሮጊቶቹ ከኋላ ናቸው። ውኃው ሲለቀቅ ዓይኔ ወደ እነሱ ነበር የሚሄደው፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ሰኞ ምሳ ላይ ለዚያች ልጅ ፊልሙን ከቦዩ ጀምሬ እተርክላታለሁ። አራጣ አበዳሪው ጋ ስደርስም ከአራት እጅ ሦስቱን አልልም። እኩሌታውን ወሰደባት ነው የምላት።