ስለ ቆየ ናፍጣ ጠይቁኝ፣ እስከ ማታ አለሁ

ጋሼ ዲናሞ፦ ካዛንቺስ አካባቢ ጄኔሬተር ስጠግን 24 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት «አልነሳም አለ» ተብዬ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ወረድኩ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ፊልትሮውን ስፈታው ጥቁር ንፍጥ መሳይ ነገር ተዝለገለገ። ናፍጣው ሁለት ክረምት ያለፈው ነው። በሉ ጠይቁ። በምን ዕቃ እንዳለና መቼ እንደተቀዳ ሳትነግሩኝ ግን አትጠይቁኝ።

የፒያሳው፦ ጋሼ እንዴት ዋሉ? ናፍጣ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ጋሼ ዲናሞ፦ በምን ዕቃ? መቼ የተቀዳ? አሁን ምን አልኩ? ለማንኛውም በደንብ ካልተያዘ ከ6 እስከ 12 ወር በል። ከታች ውሃውን አውጡ።

የሜክሲኮዋ፦ ጋሼ፣ የክሊኒካችን ታንከር 500 ሊትር ይይዛል። ከተሞላ 14 ወሩ ነው፤ አሁን ግማሽ ላይ ደርሷል። ሲቀዳ ጠጅ ይመስል ነበር፤ አሁን ጠላ መስሏል። ምን ሆኖ ነው?

ጋሼ ዲናሞ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ተባረኪ። አየሩ ነው የሠራው። ናፍጣ ውስጥ አርፈው የማይቀመጡ ሞለኪውሎች አሉ። ኦክስጅን ሲያገኙ መጀመሪያ ፐርኦክሳይድ ይሆናሉ። ፐርኦክሳይዱ ደግሞ ጎረቤቱን ይነካካል። አሲድ ይመጣል፣ ትንንሹ እየተያያዘ ሙጫ ይሆናል። ሰልፈርና ናይትሮጅን ያለባቸው ሲገቡበት ይጠቁርና ይዘቅጣል። ፊልትሮ የሚደፍነው ያ ዝቃጭ ነው። ሙቀት ሲጨምር ነገሩ ይፋጠናል፤ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ጥላ። ደግሞ ግማሽ አታቆዪው፤ ባዶው ቦታ አየር ነው። ለመስፋፊያ ትንሽ ትተሽ ሙዪው። ያረጀው ላይ አዲስ ጨምሪ ማለቴ ግን አይደለም!

አሁን ዋናውን ልጠይቅሽ። ታንከሩ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ነው? ቧንቧውስ መዳብ ወይም ነሐስ ነው? መዳብ ለናፍጣ ጠላቱ ነው። ራሱ ሳያልቅ ኦክስጅኑን ያግዘዋል። ዚንኩ ደግሞ ከአሲዱ ጋር ሳሙና መሳይ ነገር ሠርቶ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ላይ ይጋገራል። ሰው ስንት ብር አውጥቶ ጄኔሬተር ይገዛና ቢጫ ቧንቧ ይገጥምለታል! ሃያ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ተራ ጥቁር ብረት ይበቃል። ከታች ውሃውን አውጡ።

ባለ ሎንቺን፦ አሁን ማደያ በጀሪካን ይቀዳል?

ጋሼ ዲናሞ፦ ማደያውን ጠይቅ።

የአራት ኪሎው፦ ያረጀ ናፍጣ ነጭ ጋዝ ሲጨመርበት ይታደሳል ይባላል። እውነት ነው?

ባለ ሎንቺን፦ እውነት ነው። አጎቴ ሁሌ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

የፒያሳው፦ አጎትህ ፖምፓ ስንት ጊዜ አስጠገነ?

ባለ ሎንቺን፦ አንተን ምን አገባህ? መኪና አለህ?

የፒያሳው፦ ፖምፓ ቤት ነው የምሠራው ወንድሜ። አጎትህን ሳላውቀው አልቀርም።

የአራት ኪሎው፦ ቆይ፣ በነጠላ ማጥለልስ?

ጋሼ ዲናሞ፦ ነጠላ ለጠላ ነው። ናፍጣ የሚያበላሸው ቆሻሻ በማይክሮን የሚለካ ነው፤ በነጠላ ዘና ብሎ ያልፋል። ነጭ ጋዝ ደግሞ የተሠራውን ሙጫ ወደ ኋላ አይመልስም። ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው፤ ስታቀጥነው ብረት ከብረት ይፋተጋል። ንትርካችሁን በውስጥ መስመር ጨርሱ።

የለገሃሩ፦ የእኔ በርሜል የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ውሃ ጨምሬበት አላውቅም።

ጋሼ ዲናሞ፦ አንተ አልጨመርክም፣ ኅዳር ጨመረበት። ሌሊት ይበርዳል፣ ቀን ይሞቃል፤ በርሜሉ አየር ይስባል፣ ይተነፍሳል። እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆንና ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባል። የሚሸትህ የእነሱ ጋዝ ነው። በርሜሉ ውስጥ አፍንጫህን አትክተት፣ መርዝ ነው። ውሃ ከሌለ አይራቡም። ከታች ውሃውን አውጡ!

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ናፍጣ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ጋሼ ዲናሞ፦ ከላይ አንብብ።

የሜክሲኮዋ፦ ጋሼ፣ አሁን ከታንከሩ ሥር በብርጭቆ ቀዳሁ። ከታች ሁለት ጣት ውሃ፣ ከላይ ጠቆር ያለ ናፍጣ። መሃላቸው ቡኒ ልጋግ አለ፣ ብርጭቆውን ሳዘነብል እንደ ጥሬ እንቁላል ይወዛወዛል።

ጋሼ ዲናሞ፦ ጄኔሬተሩን እንዳታስነሱት። ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ አፍስሱ። ከዚያ ታንከሩ ባዶ ተደርጎ ይታጠባል፣ ፊልትሮው ይቀየራል። ቧንቧውን አልነገርሽኝም።

የሜክሲኮዋ፦ ቢጫ ነው ጋሼ።

ጋሼ ዲናሞ፦ አውቄዋለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ።