ባርድ ክራሩን ሲደረድር ምን ይፈጠራል? ከጅማ ተጫዋቾች ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

እሁድ ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ አንድ ካፌ ጥግ ይዘን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ በወረቀት፣ በዳይስና በወሬ የሚሄድ ጌም ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ዲኤም ይባላል። ሌላው ሁሉ የየራሱን ካራክተር ይዞ ይገባል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሰይፍና ጋሻውን አልፎ የሚጠይቀው ስለ ባርድ ነው፤ በሙዚቃ አስማት ስለሚሠራው ካራክተር። ስለዚህ ጥያቄ ያለው ሁሉ ያምጣ አልኩ። መጣ፣ ያውም በብዛት።

የምመልሰው እኛ በምንጫወትበት ሕግ ነው፤ የ2014ቱ አምስተኛ እትም። በ2024 የተሻሻለ ወጥቷል፤ ልዩነቱ የሚያጣላ ከሆነ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ የባርዱ አስማት ከየት ነው የሚመጣው? ከመሣሪያው ነው?

ከመሣሪያው አይደለም። በጌሙ አፈ ታሪክ ዓለም የተፈጠረው በአማልክት ቃል ነው ይባላል። የዚያ ቃል ማስተጋባት እስከ ዛሬ በዓለሙ ውስጥ ይሰማል፤ ባርዱ በዜማው ያንን ለመያዝ ይሞክራል። ክራሩ መያዣው ነው እንጂ ምንጩ አይደለም።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ ጠንቋዩ መጽሐፍ አጥንቶ ስለሆነ የሚሠራው ኢንተለጀንሱ፣ የአእምሮ ነጥቡ፣ ይቆጠርለታል። ቄሱ ዊዝደም፣ ማስተዋሉ ነው። ባርዱ ካሪዝማ። ስለዚህ የባርድ አስማት ጥንካሬ የሚለካው ባለው ግርማና ሰውን በመያዝ ችሎታው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 8፣ ሲደመር የሥልጠና ቦነስ፣ ሲደመር የካሪዝማ ቦነስ። አንደኛ ሌቨል ላይ ካሪዝማህ 16 ከሆነ 8 እና 2 እና 3፣ ማለትም 13 ይሆናል። አስማትህን መቋቋም የፈለገ ጠላት ዳይስ ወርውሮ፣ የራሱን ቦነስ ጨምሮ፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት።

ስሎት የሚባለው ነገር አልገባኝም። አስማቱን ካወቅኩት ለምን ደጋግሜ አልጠቀምበትም?

ማወቅና መክፈል ስለሚለያዩ። አንደኛ ሌቨል ባርድ አራት አስማት ያውቃል፤ በቀን የሚያወጣባቸው ስሎቶች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ስሎትን እንደ ብር ኖት አስበው። የ10 ብሩን ዕቃ በ100 ብር መግዛት ትችላለህ፣ መልስ ግን የለም። በ10 ብር ደግሞ የ100 ብሩን አትገዛም። ትልቅ ስሎት በትንሽ አስማት ላይ ስታወጣ አንዳንዱ አስማት ይጠነክርልሃል፤ ሌላው ግን ያው ነው፣ ከሰርክ። ረጅም እረፍት ስታደርግ፣ በጌሙ ሰዓት ስምንት ሰዓት፣ ሁሉም ይመለሳል።

ካንትሪፕ የሚባሉት ትንንሽ አስማቶች ግን ነፃ ናቸው። ሲጀመር ሁለት ይሰጡሃል። እስኪሰለችህ ተጠቀምባቸው።

መሣሪያዬ ቢሰበር ወይም እጄ ቢታሰር አለቀልኝ ማለት ነው?

እያንዳንዱ አስማት ከሦስት ነገሮች አንዱን ወይም ብዙውን ይጠይቃል፦ ድምፅ፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ዕቃ። የሙዚቃ መሣሪያህ የሚተካው ሦስተኛውን ነው፤ ያውም ዕቃው ዋጋ ካልተጻፈበትና በአስማቱ የማያልቅ ከሆነ። ባለ 100 ወርቅ ዕንቁ የሚጠይቅ አስማት ላይ ክራር አያድንህም።

እጅህ ቢታሰር ድምፅ ብቻ የሚፈልጉት ይቀሩልሃል። ከእነሱ አንዱ የወደቀ ጓደኛህን ከ18 ሜትር ርቀት በቃል ብቻ የሚያነሳው የፈውስ አስማት ነው። እኔ ባርድ ለሚይዝ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ያዝ እላለሁ። በጣም ትንሽ ነው የሚፈውሰው፣ ግን የሚወስደው ቦነስ አክሽን (በተራህ ከዋናው ድርጊት በላይ የሚፈቀድ ፈጣን ድርጊት) ብቻ ስለሆነ በዚያው ተራ ሰይፍም መሰንዘር ትችላለህ።

ሁሉም የሚያወራለት ኢንስፒሬሽን ምንድን ነው? ዘርዘር አድርገህ ንገረን።

ይሄ ነው የባርዱ ልብ፤ ጊዜ ልውሰድበት።

ተራህ ሲደርስ በቦነስ አክሽን አንድ ጓደኛህን ታበረታታለህ፤ በዜማ ወይም በቃል። 18 ሜትር ውስጥ መሆን አለበት፣ ሊሰማህም ይገባል። ባለ 6 ፊት ዳይስ ትሰጠዋለህ። በሚቀጥሉት 10 ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በጥቃት፣ በችሎታ ወይም በመቋቋም ውርወራ ላይ ይደምራታል።

ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ይመስላል። ወታደሩ ጎብሊን በሚባል ትንሽ ጭራቅ ላይ ሰነዘረ። የጎብሊኑ መከላከያ 15 ነው። ባለ 20 ፊቱን ወረወረ፣ 8 ወጣ። የራሱን 5 ደመረ፣ 13። ዲኤሙ ገና "ሳትክ" አላለም፤ አፉን እየከፈተ ነው። ልጁ "ቆይ! ቆይ!" ብሎ የባርዱን ዳይስ ያነሳል። 3 ወጣ። 16 ሆነ። ጎብሊኑ ተመታ። የእኛ ጠረጴዛ ይጮኻል፣ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ዞሮ ያየናል።

ልብ በል፦ የመጀመሪያውን ዳይስ ካየህ በኋላ መወሰን ትችላለህ፣ ግን ዲኤሙ ውጤቱን ከመናገሩ በፊት። ዲኤሞች፣ እባካችሁ፣ አትቸኩሉ። በ2024ቱ ሕግ ይህ ጣጣ ቀርቷል፤ መሳትህን ካወቅህ በኋላ ነው የምትወረውረው፣ ዳይሱም ለአንድ ሰዓት ይቆያል።

የምትሰጠው ብዛት የካሪዝማ ቦነስህን ያህል ነው፤ ካሪዝማ 16 ያለው ሦስት ጊዜ። እስከ አራተኛ ሌቨል የሚመለስልህ በረጅም እረፍት ነው። ከአምስተኛ ጀምሮ አንድ ሰዓት አረፍ ስትልም ይመለሳል፣ ዳይሱም ባለ 8 ፊት ይሆናል። አስረኛ ላይ ባለ 10፣ አስራ አምስተኛ ላይ ባለ 12።

አንድ ነገር ግን መቼም አይቀየርም፤ ለራስህ መስጠት አትችልም። ኮከብ ልሁን ብሎ ባርድ የሚይዝ ሰው ቶሎ የሚሰለቸውም ለዚህ ነው። የመጨረሻውን ምት ሌላ ሰው ይመታል፣ ጭብጨባው ለእሱ ነው፤ አንተ ደግሞ ከኋላ ቆመህ "የማን ዳይስ ነበረች?" ትላለህ። ይህ የሚያስደስተው ሰው ከሆንክ ከባርድ ሌላ አትያዝ። ስታበረታታም "ኢንስፒሬሽን ሰጠሁህ" ብለህ አትለፈው። እንደ አዝማሪ ስሙን ጠርተህ አወድሰው።

ጠላትን በስድብ የሚጎዳው ካንትሪፕ አለ አሉ። እኛ ጠረጴዛ ላይ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ነው የሚሳደበው። ጠላት ቋንቋውን ካልቻለስ?

ምርጥ ጥያቄ። ችግር የለም። ሕጉ የሚለው ጠላት ይስማህ ነው፤ መረዳት አይጠበቅበትም። ደንቆሮ ከሆነ ግን አይሠራም። መቋቋም ካቃተው ባለ 4 ፊት ዳይስ ጉዳት ይደርስበታል፣ ቀጥሎ ሲመታም ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትንሹን ይወስዳል። ጉዳቱ ምንም አይደለም፤ ዋናው ሁለተኛው ነው።

ባለፈው አንዷ እህታችን የጣለቻት ይህቺ ናት፦

ጎብሊኑ ፎከረ ሰይፉን እያሳየ፣
ለኛስ ማማሰያ መስሎ ነው የታየ።

ጎብሊኑ አማርኛ አያውቅም። ቢሆንም ሳተ።

ባርድን እንዴት ነው የማስቆመው? ዲኤም ነኝ፣ አስቸግረውኛል።

ሃሃ። ዝምታ የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ አስማት ለጠላትህ ስጠው። ስድስት ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይዘረጋል፤ ውስጡ ድምፅ አይፈጠርም፣ አያልፍም። ድምፅ የሚጠይቅ አስማት እዚያ ውስጥ አይሠራም፤ የባርድ አስማት ደግሞ አብዛኛው ድምፅ ይፈልጋል። ኢንስፒሬሽንም መሰማት ስላለበት ይቋረጣል። ግን ሁልጊዜ አታድርገው፤ ልጁ እሁዱን ሙሉ አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ አይደለም የመጣው። ከክቡ መውጫ መንገድም ተውለት።

ኮንሰንትሬሽን ምንድን ነው?

ከሚቆዩት አስማቶች ብዙዎቹ ሐሳብህን ይይዛሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። ሁለተኛ ስትጀምር የመጀመሪያው ይጠፋል። ስትመታም ዳይስ ትወረውራለህ፤ 10 ወይም የጉዳቱን ግማሽ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ማምጣት አለብህ። 7 ጉዳት ከደረሰብህ 10 ይበቃል። 24 ከሆነ 12። የሚሰላው በጽናትህ ነው፤ ስለዚህ ካሪዝማ ብቻ አትሙላ።

እኔ እውነተኛ ማሲንቆ እመታለሁ። ጠረጴዛ ላይ ብጫወት ተጨማሪ ነጥብ አገኛለሁ?

አምጣው፣ እንሰማሃለን። ነጥብ ግን የለም። በሕጉ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ እኩል ናቸው፤ ባርድ ሲጀምር ሦስት መሣሪያ ይመርጣል፣ የትኛውም ከየትኛው አይበልጥም። ባርድ ያልሆነ ካራክተርም መጫወት ይችላል፤ ተሰብሳቢው ወደደው ወይስ አልወደደው የሚለውን የካሪዝማ ዳይስ ይወስነዋል፣ አስማት ግን አይወጣም። የተለየ አስማታዊ መሣሪያ ካላገኘ በቀር። ለምሳሌ የሚያስፈራ ዋሽንት አለ፤ ሦስት ጊዜ የሚነፋ ኃይል ይይዛል፣ በትንፋሽ መሣሪያ የሠለጠነ ማንም ሰው ይጠቀምበታል። ዘጠኝ ሜትር ውስጥ ሆኖ የሰማውና 15 ያላመጣ ለአንድ ደቂቃ በፍርሃት ይርዳል። ከፈለግህ ግን ጠላትህ ያልሆነውን ሁሉ ማትረፍ ትችላለህ።

ለእውነተኛ ችሎታ ነጥብ የማልሰጠው አፋሩን ልጅ አስቤ ነው። ሰይፍ የያዘውን ልጅ ፑሽ አፕ ሥራ አንለውም፤ ባርዱን ለምን ዝፈን እንለዋለን?

በገናን በተመለከተ እኛ ከጦርነት አውጥተነዋል። ሕጉ አይከለክልም፣ እኛ ነን የከለከልነው። በዐቢይ ጾም የሚደረደር መሣሪያ ጎብሊን ማባረሪያ ሲሆን ደስ አላለንም።

ልጄ እሁድ እሁድ አስማት ሊማር ነው የሚሄደው ትላለች እህቱ። እውነት ነው ወይ?

አይደለም እትዬ፣ አይስጉ። ማንም ምንም አይደግምም። ልጁ የያዘው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ደምሮ፣ ቀንሶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስቆ ይመለሳል። ወረቀቱን አሳየኝ ይበሉት፣ በደስታ ያብራራልዎታል፤ እንዲያውም ማስቆም ነው የሚያቅትዎት። እኛም የማንንም ጸሎት፣ ዱዓ ወይም ጸበል ወደ ጨዋታው አናስገባም። በረመዳን ደግሞ የምንጀምረው ከኢፍጣር በኋላ ነው። እሁድ ብቅ ብለው ቡና ይጠጡና ይዩን።

በቪዲዮ ጌም ያለው ሙዚቃና ይሄ ምን ይለያቸዋል?

በ1998 የወጣውን የዜልዳ ጌም፣ ኦካሪና ኦፍ ታይምን፣ የተጫወተ ያስታውሳል፤ ዜማውን በአምስት በተን ራስህ ትነካዋለህ። ከተሳሳትክ ምንም የለም፤ ካገኘኸው ፈረስ ይመጣል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ቀኑ ይመሻል። እዚያ ጣትህ ነው የሚፈተነው። እዚህ የካራክተርህ ችሎታ ነው። በ2023 የወጣው ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ የኛኑ ሕግ ነው የሚከተለው፤ ባርድ ሆነህ መጀመር ትችላለህ። ላፕቶፕህ ከቻለው።

ድሮ ባርድ መሆን ከባድ ነበር ይባላል?

በጣም። በ1978ቱ ሕግ መጀመሪያ ወታደር፣ ከዚያ ሌባ ሆነህ ብዙ ሌቨል ትወጣለህ፣ ከዚያ ነው ባርድነቱ የሚጀመረው። ብዙ ሰው ሳይደርስበት ካራክተሩ ይሞታል።

አረፍ ስንል ባርዱ ምን ይሠራል?

ከሁለተኛ ሌቨል ጀምሮ በአጭር እረፍት ሲጫወት፣ ቁስሉን የሚያክም ጓደኛው ሁሉ ባለ 6 ፊት ዳይስ ይጨመርለታል። በ2024 ይህን አውጥተውታል፤ ቅር ብሎኛል። ጅማ ነንና የኛ ካራክተሮች እረፍት ላይ ቡና ያፈላሉ፣ ዋሻ ውስጥም ቢሆን።

ሁለት ባርድ አንድ ቡድን ውስጥ ይሆናል?

ይሆናል። ግን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ የኢንስፒሬሽን ዳይስ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለታችሁም ወታደሩ ላይ አትረባረቡ፣ ተከፋፈሉ።

ዳይስም መጽሐፍም የለኝም።

ዋናው ሕግ ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ፒዲኤፉን በነፃ አውርደህ ማተም፣ መተርጎም፣ ማካፈል ትችላለህ፤ ምንጩን መጥቀስ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ባርዱም ውስጡ አለ። ዳይስ ከሌለህ የስልክ አፕ ይበቃል። ባትሪ ካለቀ ደግሞ ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ሲኒ ውስጥ ከተህ አውጣ። ያወጣኸውን ግን መልሰህ ክተት፤ አንዱ ልጅ 20ዋን ኪሱ ከቶ ይዞብን ነበር።