ወታደር በገባበት ከተማ ልጅ ስለማስተማር፦ ከዳላስ ለጠየቁን እናት

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ማግኘቱን፣ እርስዎ ግን በዜና የሚያዩት የወታደርና የፌዴራል ፖሊስ ብዛት እንቅልፍ እንደነሳዎት፣ በመጨረሻም «ከተማው ይህን ያህል አደገኛ ባይሆን ኖሮ መንግሥት ጦር አያስገባም ነበር፤ እዚሁ ዳላስ ኮሌጅ ይግባ ልበለው ወይ?» ሲሉ ጽፈዋል። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ ግማሾቹ ከተማው ጸድቷል፣ ግማሾቹ ከተማው ታፍኗል ብለዋል። እኔ ዲሲ ውስጥ 22 ዓመት ኖሬአለሁ። የመጀመሪያዎቹን 9 ዓመታት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ ሃዋርድ ባልሆነው፣ በቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ስለዚህ የምነግርዎ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ከጥያቄዎ ውስጥ አንድ ነገር ላርም። ጦሩ የገባው ዲሲ ከሌሎች ከተሞች ሁሉ የከፋች ስለሆነች ሳይሆን፣ በሌላ ቦታ የማይቻለው እዚህ በሕግ ስለሚቻል ነው። ዲሲ ክፍለ ግዛት አይደለችም፣ ገዢም የላትም፤ የከተማዋን ናሽናል ጋርድ፣ ማለትም ተጠባባቂ ጦር፣ በቀጥታ የሚያዝዘው ፕሬዚዳንቱ ነው። በ1973 ለከተማዋ የራስ አስተዳደር የሰጠው ሕግ ራሱ፣ በ740ኛው አንቀጹ፣ ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ሁኔታ አለ ካለ የከተማዋን ፖሊስ ለፌዴራል ጉዳይ እስከ 30 ቀን እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኦገስት 11 ቀን 2025 ያደረጉት ይህንኑ ነው። በፖሊሱ ላይ የነበረው ሥልጣን ሴፕቴምበር ላይ ቀኑ ሞልቶ አበቃ፤ ከተለያዩ ክፍለ ግዛቶች የመጡትን ጨምሮ ቁጥሩ ከ2000 ያለፈው ናሽናል ጋርድ ግን ከከተማዋ አልወጣም። ኖቬምበር ላይ አንዲት የፌዴራል ዳኛ ስምሪቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ቢወስኑም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አግዶት ወታደሮቹ በቦታቸው ቆዩ።

ወንጀሉ ግን ተረት አይደለም። በ2023 በከተማዋ 274 ሰዎች ተገድለዋል፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 187 ወርዷል። ቅናሹ ትልቅ ነው፤ ሆኖም 187 ቤተሰብ ለቅሶ ተቀምጧል ማለት ነው። በጁን 2025 መጨረሻ በአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ለሥራ ልምምድ የመጣ የ21 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ፣ ከሃዋርድ በእግር በሚደረስበት በኮንቬንሽን ሴንተሩ አካባቢ፣ እርሱ ዒላማ ሳይሆን በተተኮሰ ጥይት ተገድሏል። ስለዚህ ስጋትዎን የዜና ወሬ ነው ብሎ የሚያናንቅልዎ ሰው ካለ አይስሙት።

ወታደሮቹ ሲገቡ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ወላጆች ፍራሽና ማቀዝቀዣ ጭነው ልጆቻቸውን ማደሪያ ሲያስገቡ በየባቡር ጣቢያው ደጃፍ የቆመ ወታደር ነው የተቀበላቸው። እኔ ባለሁበት ግቢ ብዙዎቹ አሜሪካውያን ወላጆች በመጀመሪያው ሳምንት ሲያዩት ደስ ብሏቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከሥራ ወጥቼ በውድቅት ሌሊት ባቡር ስጠብቅ ሰው በአጠገቤ መቆሙን አልጠላሁትም። ይሁን እንጂ ወታደሩ ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ወታደሮቹ በአብዛኛው የታዩት በሐውልቶቹ አካባቢ፣ በናሽናል ሞል፣ በዩኒየን ስቴሽንና በሜትሮ ጣቢያዎች ነው፤ ወንጀል መርምሮ ሰው የማሰር ሥራ የእነርሱ አልነበረም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዳንዶቹ ቆሻሻ ሲለቅሙና የመናፈሻ ቅጠል ሲጠርጉ አይተናል። ተማሪ ስልኩን የሚነጠቀው ደግሞ በሐውልት ሥር ሳይሆን ከማደሪያው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ጨለማ ጥግ ነው።

ከወታደሩ ይልቅ የዩኒቨርሲቲውን ኑሮ የለወጠው አብሮ የመጣው የኢሚግሬሽን ፖሊስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሃዋርድ ብዙም በማይርቀው በ14ኛው መንገድ ላይ የፌዴራልና የከተማ ፖሊሶች ኬላ አቁመው መኪና ሲፈትሹ የአካባቢው ሰው ወጥቶ ጮኸባቸው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሞተር ብስክሌት ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ከመንገዱ ጠፉ ለማለት ይቻላል። በ9ኛውና በዩ መንገድ ያሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ዓርብ ማታ ወንበር የማይገኝባቸው ነበሩ፤ በዚያ ወር ግን ገብቼ የፈለግሁት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በልቻለሁ። እርስዎ «ይህ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ምን አገናኘው?» ይሉ ይሆናል። የማገናኘው በሚከተለው ምክንያት ነው።

እኔ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ማታ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ማደሪያቸው የምታደርስ ነጻ መኪና አለች። ሾፌሮቹ የዩኒቨርሲቲው ሳይሆኑ የሌላ ድርጅት ቅጥረኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። በዚያ ኦገስት መጨረሻ ሁለቱ ሥራ ቀሩ። አንደኛው ወረቀቱ ያልተሟላ ሳይሆን የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ነበር፤ በየማታው በኬላ ከማለፍ ቤቱ መቀመጥን መረጠ። ቀድሞ በ10 ደቂቃ ትመጣ የነበረችው መኪና 35 እና 40 ደቂቃ መቆየት ጀመረች። ተማሪ 40 ደቂቃ አይጠብቅም፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በእግሩ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ለወላጆች የላከው ደብዳቤ በግቢው ዙሪያ ጥበቃው መጠናከሩን እንጂ የመኪናዋን ነገር አላነሣም። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ የማየው ግን በጨለማ በእግሩ የሚሄደው ተማሪ ቁጥር ከቀድሞው መብለጡን ነበር። ነገሩን ለኃላፊዎቹ ጽፌ አመለከትሁ፤ የተስተካከለው ኦክቶበር ከገባ በኋላ ነው።

ለፍርድ እንዳልቸኩል በሌላ ወገን ያለውንም ልጻፍ። ከንቲባ ሙሪኤል ባውዘር ራሳቸው ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት መኪና በኃይል ነጥቆ የመሄድ ወንጀል ከዓመቱ በፊት ከነበረው ተመሳሳይ ጊዜ በ87 በመቶ መቀነሱን ተናግረዋል፤ በዚያው መግለጫ ደግሞ ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ከሕዝቡ ጋር ያለውን መተማመን እንደጎዱት ገልጸዋል። ሁለቱም በአንድ ሰው አፍ የተነገሩ እውነቶች ናቸው። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው፦ መኪና ያለው ሰው እፎይ አለ፤ በማታ ትምህርት ክፍል ውስጥ ግን ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩት መቀመጫቸውን ባዶ ተዉት።

ወታደር መኖሩ በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ ሁለት ቀናት አሳይተውናል። በኦክቶበር 2025 የሃዋርድ የቀድሞ ተማሪዎች በዓል ሲከበር፣ ከግቢው ደጃፍ በጆርጂያ አቬኑ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ብዙ ሰዎች ቆሰሉ፤ ናሽናል ጋርዱ ያን ጊዜ ከተማ ውስጥ ነበረ። ከታንክስጊቪንግ በዓል ዋዜማ ደግሞ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ሰፈር አቅራቢያ፣ በፋራገት ዌስት ጣቢያ አጠገብ፣ ከዌስት ቨርጂኒያ በመጡ ሁለት ወታደሮች ላይ ተተኮሰ። የሞተችው የ20 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በየማታው መታወቂያቸውን እያየሁ የማስገባቸው ልጆች እኩያ። ያን ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥ ብሎ ነበር የሰነበተው።

እንግዲህ ወደ ልጅዎ ልምጣ። አስተያየቴን ከጠየቁኝ ይላኩት። ሃዋርድ ለእኛ እንግዳ ቤት አይደለም፤ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሟገቱት ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቁት ከዚያው ነው። ይሁንና ለልጅ መላክ ታሪክ ብቻ አይበቃምና ከመወሰንዎ በፊት የሚከተለውን ይመልከቱ።

የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ገንዘብ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የክለሪ ሕግ በሚባለው ድንጋጌ መሠረት በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ድረስ የሦስት ዓመት የወንጀል ቁጥር ማውጣት አለበት። የልጅዎን ዩኒቨርሲቲና በዳላስ ያሰቡትን ኮሌጅ ዘገባ ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ፤ ሲያነቡ ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ዘገባው የሚቆጥረው በግቢው ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው በያዛቸው ሕንፃዎችና ከግቢው ጋር በተያያዘው አደባባይ የተፈጸመውን ነው፤ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ተማሪዎች በጋራ በሚከራዩት ቤት ደጃፍ የሆነው አይገባበትም። ሁለተኛ፣ ዘገባው ያለፉትን ሙሉ ዓመታት ስለሚይዝ የ2025 ቁጥር የሚታየው በ2026 በሚወጣው ነው። ከዚያ ይልቅ የየዕለቱን የወንጀል መዝገብ ይጠይቁ፤ ማንም ሰው እንዲያየው ሕጉ ያዝዛል። የኦገስትን፣ የሴፕቴምበርንና የኦክቶበርን ገጾች ብቻ ቢያገላብጡ ዜና ከሚነግርዎ የበለጠ ያውቃሉ።

ልጅዎ ግሪን ካርድ እንዳለው ጽፈዋል። 18 ዓመት የሞላው ሰው ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድዳል፤ ብዙዎቻችን እንዳይጠፋ ብለን ሳጥን ውስጥ እንቆልፈዋለን፤ እዚህ ከተማ ግን ኪሱ ውስጥ ይሁን፣ ቅጂው እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ደግሞም ትምህርት ቤቶችን ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ያርቅ የነበረው የቀድሞ መመሪያ በጃንዋሪ 2025 ተሽሯል። ይህ ማለት ግን ማደሪያው ክፍት ነው ማለት አይደለም። ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነ ቦታ፣ ማለትም ወደ ማደሪያ ክፍል፣ ያለ ፈቃድ ለመግባት በዳኛ የተፈረመ ማዘዣ ያስፈልጋል፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የፈረመው ወረቀት ያንን አይተካም። ልጅዎ ይህን ይወቅ፤ እንዳይከራከርም ይምከሩት፤ በር ላይ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኛ ይጥራ፤ ያ ሠራተኛ ምናልባት እንደ እኔ ያለ ሰው ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለበትም ከዚያ ነሐሴ ወዲህ ሥልጠና ወስዷል ወይ ብለው ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ መብትዎ ነው።

የጥበቃ ክፍሉን ሲያነጋግሩ «ግቢው ሰላም ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ሰላም ነው ይላሉ። ማታ የምታደርሰው መኪና ስንት ሾፌር እንዳላት፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ባለፈው መስከረም ተማሪን በአማካይ ስንት ደቂቃ ታስጠብቅ እንደነበር ይጠይቁ። የግቢው ፖሊስ ሥልጣን የት ድረስ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ልጅዎ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ቢደውል የሚመጣው ማን እንደሆነ በስም የሚነግርዎ ሰው ካላገኙ ደግመው ይደውሉ።

ለጉብኝት ሲመጡ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቀን በተማሪ አስጎብኚ የሚያሳይዎትን ብቻ አይተው አይመለሱ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሾ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ከልጅዎ ጋር ይውረዱና በ7ኛው መንገድ፣ ከዚያም በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ እስከ ግቢው ድረስ በእግር ይሂዱ። የትኛው ጥግ መብራት እንዳለው፣ የትኛው ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ልጅዎ ራሱ ያያል። ብቻዎን እንዳይሆኑ ካሰቡ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ማክሰኞ ማታ ሥራ የለኝም።