አጎት ስንት ዓይነት ነው?

ጥያቄ፦ ቻይንኛ እየተማርኩ ነው። «አጎት» ለማለት መምህሬ ሦስት ቃል ሰጠችኝ። አንዱ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የአባት ታላቅ ወንድም ቦፉ ወይም ቦቦ፣ ታናሹ ሹሹ፣ የእናት ወንድም ጂዮጂዮ ነው። የጥንታዊው ቻይናዊ ፈላስፋ የኮንፊሽየስ ሥርዓት ታላቅን ከታናሽ፣ የአባትን ወገን ከእናት ይለያል።

ነገሩ ድሮ ከአጠራር ያለፈ ነበር፤ የሐዘን ልብስ እንኳ አምስት ደረጃ ነበረው። በቺንግ (በቻይና የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት) ዘመን ለአባት ጠርዙ ያልተዘመዘመ ሻካራ የቃጫ ጨርቅ ይለበሳል። ሐዘኑ «ሦስት ዓመት» ይባል እንጂ የሚቆየው 27 ወር ነው፤ ባለሥልጣን ሳይቀር ሹመቱን ትቶ አገሩ ይገባል። ለአባት ወንድም አንድ ዓመት፣ ለእናት ወንድም ግን አምስት ወር ብቻ! (የእናት ወገን ተበድሏል።)

ባዕድ ሰው ሲጠሩ ከአባትዎ ዕድሜ ጋር ያስተያዩት፤ ከበለጠ ቦቦ፣ ካነሰ ሹሹ ይበሉት። ጂዮጂዮን ለማያውቁት ሰው አይጠቀሙበት።