ማሽን ይጠፋል ወይስ ይደመሰሳል?

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ከሚማሩ ልጆች ይህ ጥያቄ ደረሰኝ። «ጋሼ፣ ለሊብቨርት የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ‹ዴስትሮይ› የሚለውን ትእዛዝ ግማሾቻችን ‹ደምስስ›፣ ግማሾቻችን ‹አጥፋ› አልነው። የቱ ይሻላል?»

ሊብቨርት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር፣ የሚያስኬዱትን ኬቪኤምን፣ ዜንንና መሰሎቻቸውን በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ለማስተዳደር የሚያገለግል ክፍት ኮድ የሶፍትዌር ላይብረሪ ነው። ‹ዴስትሮይ› ስሙ ያስፈራል እንጂ ቨርቹዋል ማሽኑን አያወድምም። ሶኬት እንደ መንቀል ነው፤ ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ቀጥ ይላል። በቋሚነት የተመዘገበ ከሆነ ዲስኩም አለ፣ ምዝገባውም አለ። ‹ስታርት› ስትሉት ይነሣል።

ስለዚህ «አጥፋ» በሉት። ግሱ የግእዙ «ጠፍአ» ነው። ዐረብኛም እሳት ሲከስም «ጠፊአ» ይላል። መነሻው ነበልባል ይመስለኛል፤ ወደ ሰውና ወደ ከብት የዞረው በኋላ ነው። እኛ ወሎ «በሬው ጠፋ» ከተባለ ፍለጋ ይወጣል። «ምነው ጠፋህ?» የሚባለው በሕይወት ላለ ሰው ነው። «ጠፍ መሬት»ም አራሽ አጣ እንጂ መሬቱ እዚያው ነው። «ደመሰሰ» ግን ሌላ ነው። ዳዊት በ50ኛው መዝሙር «ደምስስ» ብሎ የለመነው ኃጢአቱ ተፍቆ ዱካው እንዳይገኝ ነው።

«ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ለቴክኒክ አይሆንም» የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም። «መብራቱን አጥፋ» ተብሎ አምፖል የሰበረ ሰው አላየሁም። ተሳቢው ይለየዋል።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ስልክ ከመጣ ወዲህ «ፎቶውን አጥፋው» ማለት ላይመለስ ይሂድ ማለት ሆኗል። የማሽኑ ዲስክም ብዙ ጊዜ ፋይል ነው፤ «አጥፋ»ን አይቶ የሚደነግጥ ተማሪ ቢኖር አልፈርድበትም። እንግዲያው «በግድ አጥፋ» በሉት። ቨርት ማናጀር የተባለው ፕሮግራምም ይህንኑ ተግባር «ፎርስ ኦፍ» ይለዋል። ለእኔ ጆሮ «በግድ» ትርፍ ናት። ልማዱ ከሄደ ግን ምን ይደረጋል!

‹ሸትዳውን› በወግ የሚዘጋው ስለሆነ «ዝጋ» ይበቃዋል። ‹አንዲፋይን› ደግሞ ምዝገባውን ብቻ ያነሣል፤ ለይታችሁ ካላዘዛችሁት የዲስኩን ፋይል አይነካም። እሱን «ከመዝገብ ሰርዝ» በሉት። እዚያም ቢሆን «ደምስስ»ን አታስገቡብኝ።