ጎጀብ ላይ የተማረከው ደራሲ፣ የተሰረቀችው ሥዕልና የጅማ በርጩማ

በዚህ ሰሞን ከጅማና ከአካባቢዋ ስለ መጻሕፍትና ስለ ሥነ ጥበብ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል። ሁሉንም ማዳረስ ስላልቻልኩ ጥቂቶቹን መርጫለሁ። ስለ ውጭ አገር ሥራዎች ስጽፍ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛዎቹ በእኛው።

ጥያቄ፦ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። በጠቅላላ እውቀት ውድድር ላይ «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የቱ ነው?» ተብዬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዬ ነጥብ አጣሁ። ለምን? (ከኮቺ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ትልልቅ ሰዎችም ይስቱታል። በጣም የምንወደውን መጽሐፍ መጀመሪያ የመጣ አድርገን እናስበዋለን። ቀዳሚው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው። ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ታተመ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ነው። አስቢው፣ 58 ዓመት!

ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ያ መጽሐፍ ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። አሁን «ልብ ወለድ አነበብኩ» ስትዪ ቃሉ ከዚያ የመጣ ነው። ጦቢያ የሴት ልጅ ስም ነው፤ መንትያ ወንድም አላት፣ የወንድ ልብስ ለብሳም መንገድ ትወጣለች። ደራሲው ሥዕል ሊማር ጣሊያን የሄደ ሰው ነበር። መጽሐፉ አጭር ነው። ከሚቀጥለው ውድድር በፊት ጨርሰሽ ታነቢዋለሽ።

ጥያቄ፦ ከጅማ ቦንጋ የምሠራ ሹፌር ነኝ። ጎጀብ ድልድይ ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ «ሐዲስ ዓለማየሁ እዚህ አካባቢ ነው የተማረኩት» አሉኝ። እውነት ነው ወይስ ጨዋታ ነው?

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። እኔም ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ለምን ልጅ ሆነን አልተነገረንም ብዬ ተቆጭቻለሁ።

ጣሊያን በ1928 ሲወረን ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ዘምተዋል። ጦሩ ከተፈታ በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄዱ። ትግሉ ግን አልቆመም። ጠላት በየአቅጣጫው መንገድ እየዘጋ መጣና በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስም እዚያው ተማረኩ። ያኔ 26 ዓመታቸው ነበር።

ከዚያ ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። መጀመሪያ ፖንዛ የምትባል ደሴት፣ ቀጥሎ ሊፓሪ። ነፃ የወጡት ከዓመታት በኋላ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ጣሊያን ሲገባ ነው። የሚገርመው ሙሶሊኒ ራሱ በእኛ አቆጣጠር በ1935 ክረምት ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት የታሰረው በዚያችው በፖንዛ ነው።

እኔ ጎጀብን በተሻገርኩ ቁጥር አንድ ነገር አስባለሁ። ያን ቀን በዛብህና ሰብለ ወንጌል ገና አልተወለዱም። ፊታውራሪ መሸሻም የሉም። ያን ወጣት አንዲት ጥይት አግኝታው ቢሆን ጉዱ ካሳን ማን ይነግረን ነበር? «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው ከዚያ ምርኮ 29 ዓመት ቆይቶ ነው። ወንድሜ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ታገኘዋለህ። መኪናህ ውስጥ ክፈትላቸው። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቀነስ አድርገህ፣ ሽማግሌው የነገሩህን አንተም ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ሞናሊዛ ከሌላ ሥዕል ምን ይለያታል? እኔ ሳያት ተራ ሴት ናት። (ከመርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ ሥራዋ ድንቅ ነው፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጥላውን ከብርሃኑ ጋር ያዋሃደበት መንገድ ነው አፏ ላይ ያለውን ፈገግታ አንዴ የሚያሳየን፣ አንዴ የሚደብቅብን። የከንፈሯ ጠርዝ የቱ ጋ እንደሚያልቅ በጣትህ ማሳየት አትችልም። ግን ዓለም ሁሉ ስሟን ያወቀው በሥራው ብቻ አይደለም። ተሰርቃ ስለነበርም ነው።

ነሐሴ 1911 ላይ ቪንቼንዞ ፔሩጂያ የሚባል ጣሊያናዊ ፓሪስ ካለው ሉቭር ሙዚየም ይዟት ወጣ። ቀድሞ ሙዚየሙ ውስጥ ሠርቷል፣ ቤቱን ያውቀዋል። ሥዕሏ ትልቅ እንዳትመስልህ፤ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። የተሳለችውም በሸራ ላይ ሳይሆን በእንጨት ጣውላ ላይ ነው። ጋዜጦች በየቀኑ ስለ እሷ ጻፉ። ሰው ባዶውን ግድግዳ ለማየት ተሰለፈ። ሌባው ሁለት ዓመት ከደበቃት በኋላ ፍሎረንስ ላይ ሊሸጣት ሲል ተያዘ። ስትመለስ ስሟ ዓለምን አዳርሷል።

ጥያቄ፦ ፍራንከንስታይን የዚያ አስፈሪ ፍጡር ስም ነው?

መልስ፦ አይደለም። የፈጠረው ሰው ስም ነው። ፍጡሩ በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም፤ ከሐዘኑ አንዱ ይኼው ነው። ሜሪ ሼሊ መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በ1818 ወጣ።

ጥያቄ፦ ቡና ነጋዴ ነኝ። ስለ ቡና የተሠራ ታላቅ የጥበብ ሥራ በዓለም ላይ አለ? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ይኼን ጥያቄ ከጅማ በኩል ሰው ካልጠየቀው ማን ይጠይቀዋል! አለ እንጂ።

ጀርመናዊው የሙዚቃ ሊቅ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በ1730ዎቹ ላይፕሲሽ ከተማ ሆኖ የቡና ካንታታ ደርሷል። ካንታታ ማለት በሙዚቃ መሣሪያ ታጅቦ የሚዘፈን ታሪክ ነው። ታሪኩ የአባትና የልጅ ጭቅጭቅ ነው። ሊሽን የምትባል ልጅ ቡና ሱስ ሆኖባታል። አባቷ «ተዪ» ይላታል። እሷ ምን ትላለች? «በቀን ሦስት ጊዜ ቡናዬን ካልጠጣሁ እንደ ደረቀ የፍየል ጥብስ እሆናለሁ።» ከሺህ መሳም ይጣፍጣል ትላለች። አባት ልብስ እንደማይገዛላት ይነግራታል፣ እሺ አትልም። በመጨረሻ «ባል አላመጣልሽም» ሲላት እሺ ትላለች። ግን በጎን፣ ቡና ሊያስጠጣት በውል ቃል ያልገባ ወንድ ደጃፏን እንዳይረግጥ ታስነግራለች።

ሦስት ጊዜ የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ! ላይፕሲሽ ያለችው ልጅ የእኛን ሥርዓት አታውቅም፤ ቡናው ግን እዚያም እዚህም ያው ሦስት ቁጥር ላይ አድርሶናል።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም ይነሳል። ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ በ1880 ሐረር መጥቶ የቡና ንግድ ውስጥ ሠርቷል። ቢሆንም ጋሼ፣ ውጭ ውጭውን ብቻ አንይ። ቡናው በቅቤ ተጠብሶ ምርቃት የሚወርድበት የኦሮሞ ቡና ቀላ እኮ ግጥምም፣ ዜማም፣ ጸሎትም ያለበት ነው። የሚያውቁት እናቶች ካሉ ቃሉን እንዳለ ይጻፉልን። እባክዎን።

ጥያቄ፦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሲጋራ ወረቀት ላይ ተጻፈ ይባላል። ተረት አይመስልም? (ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ተረት ይመስላል፤ ግን ሆኗል። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት የለም። እስረኞች አጭሰው የጨረሱት የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችው ስስ ወረቀት ግን አለች። በእሷ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ጻፈ። የሚፈቱ ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ ይዘውለት ወጡ። በኋላ ተሰብስቦ መጽሐፍ ሆነ።

የአማርኛው ርዕስ የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ርዕስ ሌላ ነው፤ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ይባላል። ነቢይ ግን ይኼን ዓረፍተ ነገር አንስቶ ሽፋን ላይ አደረገው። እስር ቤት ተቀምጦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ መጻፍ ምን እንደሚመስል እስኪ አንድ ደቂቃ አስቡት። የትርጉም ሥራ ከድርሰት ያንሳል ለሚሉ ሁሉ የምነግራቸው ታሪክ ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በርጩማ ይጠርባል። ጓደኞቼ «ያ ዕቃ እንጂ ጥበብ አይደለም» ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው? (ከሒርማታ)

መልስ፦ ጥበብ ነው በላቸው፣ ልጄ። ምክንያቱንም ጨምርላቸው።

ደህናው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ነው። ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም። ጠራቢው ገና ሳይነካው እግሮቹ ግንዱ ውስጥ የት እንዳሉ ማየት አለበት። አንዴ ከሳተ የሚመለስ ነገር የለም። ድንጋይ የሚቀርጹ ሰዎችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ያላስፈለገውን እያነሱ ውስጥ ያለውን ማውጣት። እግሩ ሦስት የሆነውም በዋዛ አይደለም። ወለሉ ጎርበጥ ቢል አራት እግር ይወላገዳል፤ ሦስት እግር ሁልጊዜ መሬት ይነካል። መቀመጫው ጎድጎድ ያለው የሰው ገላ እንዲያርፍበት ነው።

ጓደኞችህን ጅማ ሙዚየም ውሰዳቸው። የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ያሳዩአቸዋል። ከዚያ ጅሬን ውጡና ቤተ መንግሥቱን እዩ፤ የእንጨት ሥራውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ስትመለሱ አባትህ ጋ ጎራ በሉ። አንዱን በርጩማ ገልብጥና ከሥሩ አሳያቸው፤ መጋጠሚያ እንዲፈልጉ።