ብሬድቦርዱን ማን ያዘው? ጥያቄና መልስ ከአዳማ

የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ሲደርስ መልእክቱ ይበዛብኛል። ዘንድሮ የመጣው አብዛኛው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚያርፈው፤ ሴት ልጅና ሒሳብ፣ ሴት ልጅና ኮምፒውተር፣ ሴት ልጅና ሳይት። ስለዚህ የዛሬውን በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አልጻፍኩም። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ ናቸው።

«የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ጥሩ ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ‹ለሴት ልጅ ጤና ነው የሚያዋጣው፣ ፋርማሲ ግቢ፣ ኮምፒውተሩን ለወንድምሽ ተይለት› ይለኛል። ወንድሜ ሒሳብ ሲያይ ያመዋል። ምን ልበለው?»

ስለ ወንድምሽ ያልሽው አሳቀኝ። አባትሽ ክፉ አስበው አይደለም። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት በየጤና ጣቢያው ያያሉ፣ ደመወዝ እንዳላት ያውቃሉ፣ ሰው እንደሚያከብራት ያውቃሉ። ሶፍትዌር የምትሠራ ሴት ግን አይተው አያውቁም፤ ሥራውም ከውጭ ሲታይ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ ብዙ አይለይም።

ግን «ኮምፒውተሩን ለወንድምሽ» የሚለው አነጋገር የአባትሽ ብቻ አይደለም፣ አሜሪካም ውስጥ ተብሏል፣ ያመጣውንም ጣጣ እናውቀዋለን። በ1946 ይፋ የሆነውን ኢኒያክ የተባለውን ግዙፍ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። በ1952 የመጀመሪያዎቹን ኮምፓይለሮች (ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) ከሠሩት አንዷ ግሬስ ሆፐር ናት። እስከ 1984 ድረስ በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ ከሚመረቁት ውስጥ የሴቶች ድርሻ እያደገ ሄዶ 37 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወረደ፣ ከ20 በመቶ በታችም ገባ። በእነዚያ ዓመታት የሴት ጭንቅላት አልተቀየረም። የተቀየረው ኮምፒውተር ቤት ውስጥ መግባቱ ነው፤ ማስታወቂያውም የወንድ ልጅ መጫወቻ አድርጎ ሸጠው፣ ወላጅም ገዝቶ የወንዱ ልጅ መኝታ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ እሱ ዓመታት ነካክቶት የመጣ እሷ ደግሞ ገና ማብሪያውን የምትፈልግ ሆኑ፣ አስተማሪውም ይህንን አይቶ «ወንዶቹ ተሰጥኦ አላቸው» አለ።

አባትሽን ስለ ሴቶች እኩልነት አትከራከሪያቸው፣ አትረቺም። ስለ እንጀራ አውሪ። እዚሁ ከተማችን ያለው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተለየ የመግቢያ ፈተና አለው፣ ተዘጋጅተሽ ተፈተኚ፤ አልፈሽ እዚህ ከገባሽ ልጄ ሩቅ አገር ሄደች የሚለው ጭንቀት ይቀራል። ደግሞ ሶፍትዌር የምትሠራ አንዲት ሴት የምታውቂ ከሆነ ቅዳሜ ቡና ላይ ጋብዣት፣ አባትሽ ደመወዟን ራሳቸው ይጠይቋት። ይጠይቃሉ፣ አታስቢ።

«ፍሬሽማን ነኝ። ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ ላይ ከፊት፣ ከላይና ከጎን የተሳለውን አይቼ ዕቃውን በጭንቅላቴ ማዞር አቃተኝ። ወንዶቹ ወዲያው ይታያቸዋል። ሴቶች ለዚህ አልተፈጠርንም የሚባለው እውነት ይሆን?»

አይደለም። ይቺ ጥያቄ ስለደጋገመችብኝ ትንሽ ልቆይባት።

ዕቃን በሐሳብ የማዞር ፈተና ላይ ወንዶች በአማካይ የተሻለ ያመጣሉ፣ ይህ ብዙ ቦታ የታየ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። ጥያቄው ልዩነቱ የማይነቃነቅ ነው ወይ የሚለው ነው። ሼሪል ሶርቢ የምትባል አሜሪካዊት የምህንድስና መምህር ራሷ ተማሪ ሳለች ልክ እንዳንቺ በድሮዊንግ ተቸግራ ነበር። በኋላ ሚሺጋን ቴክ በተባለ ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ ገቢዎች ይህንኑ ፈተና መስጠት ጀመረች፤ ከወደቁት ውስጥ ሴቶቹ ይበዙ ነበር። አልተዋቸውም። አጭር ኮርስ አዘጋጀችላቸው፤ ኩቦችን እየገጣጠሙ፣ እያዞሩ፣ በእጃቸው እየሳሉ። ኮርሱን የወሰዱት ውጤታቸው ተሻሻለ፣ ከሴቶቹም በምህንድስና የሚቀጥሉት በዙ። በአጭር ኮርስ የሚስተካከል ነገር ደግሞ «አልተፈጠርሽም» አይባልም።

ወንዶቹ ወዲያው የሚታያቸው ከየት አመጥተውት ነው? እስኪ የአዳማን ሰፈር አስቢው። የሽቦ መኪና ጠምዝዞ የሚሠራው ማን ነበር? ብስክሌት ገልብጦ ጎማ የሚፈታው፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሆዱን የሚከፍተው? አንቺ በዚያ ሰዓት ሽንኩርት እየላጥሽ ነበር። (በነገራችን ላይ ሰፌድ መስፋት ዙሪያው እየሰፋ ሲሄድ ጥለቱ እንዳይዛነፍ መቁጠር ይጠይቃል፣ ግን ሰፌድ የሰፋችን ሴት ጂኦሜትሪ ትችያለሽ ያላት የለም።) በአልጄሪያ ከምህንድስና ተመራቂዎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። የአልጄሪያ ሴት ከአዳማ ሴት የተለየ ጭንቅላት ይዛ አልተወለደችም።

ዛሬ ማታ የምትጀምሪው ይኸውልሽ። አንድ የልብስ ሳሙና ወይም ድንች ያዢ። ማዕዘኑን ቁረጪ፣ መሀሉን ቦርቡሪ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን ሳይው። ነገ ደግሞ በተቃራኒው፤ ከመጽሐፉ ላይ ሦስቱን እይታዎች አይተሽ ሳሙናውን ቅረጺ። ቪዲዮ ማየት ብቻውን አይበቃም፣ እጅሽ መሥራት አለበት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ከሚድ በፊት ጀምሪ ብቻ፣ ዋዜማው ላይ ሳሙና ይዘሽ እንዳትቀመጪ።

«ላብ ላይ ከግሩፓችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ብሬድቦርዱንና (ሰርኪት የሚገጠምበትን ሰሌዳ) መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) እነሱ ይይዛሉ፣ እኔ ‹ጽሕፈትሽ ያምራል› ተብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ግን የምችል አይመስለኝም።»

የምትችይ የማይመስልሽ ስላልነካሽው ነው። ሪፖርት ጽፈሽ ኤ ታመጫለሽ፣ ኢንተርንሺፕ ላይ ግን ሪፖርቱን ሳይሆን መልቲሜትሩን ነው የሚሰጡሽ። ላቡ ከጀመረ በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው፣ ሁሉም ይጣደፋል። ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ተናገሪ፦ «ዛሬ ሽቦውን የማያይዘው እኔ ነኝ፣ ሪፖርቱ ያንተ ነው።» ተቃጥሎ ቢጨስ ይጨስ፣ እነሱም ሲማሩ አጭሰዋል። የላብ አሲስታንቶች ይህን የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ተራውን እናንተ መድቡት። ለልጅቷ ተዉላት ካላችሁ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ድሮው ይመለሳል።

«ወንድ ተማሪ ነኝ። እንዳትቆጪኝ። ሴቶች በአፈርማቲቭ (ለሴቶች በሚሰጠው ድጋፍ) በዝቅተኛ ነጥብ መመደባቸው ለእኛ ፍትሕ ነው? ውድድር በችሎታ ብቻ መሆን የለበትም?»

አልቆጣህም፣ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞር ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከቆየው የበታችነት ታሪክ የተነሳ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንደሚሆኑ ይናገራል። ስለዚህ ድጋፉ መብት ነው። ሁለተኛ፣ የድጋፉን መጠን ሰው ያጋንነዋል፤ የ12ኛ ክፍል ማለፊያ የሆነው 50 በመቶ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ ግቢ ከገባችሁ በኋላም ለሴት የሚታተም የፊዚክስ ወረቀት የለም። ያለፈችው ያንኑ ወረቀት ሠርታ ነው።

«በችሎታ ብቻ» ያልከው ግን ያምራል፣ የሚለካው እንዴት ነው? በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ለ127 የሳይንስ መምህራን የላብራቶሪ ሥራ አመልካች ማስረጃ ተላከላቸው፣ ወረቀቱ ቃል በቃል አንድ ነው፣ ለገሚሶቹ ስሙ ጆን፣ ለገሚሶቹ ጄኒፈር። ጆን የተሻለ ብቁ ነው ተባለ። ለጆን በዓመት በአማካይ 30,238 ዶላር፣ ለጄኒፈር 26,508 ዶላር ሊከፍሉ ፈቀዱ። ሴት መምህራኑም ያው ነው ያደረጉት! እንግዲህ ሳይንቲስት ወረቀት ብቻ አይቶ እንዲህ ከፈረደ፣ ፊት ለፊት ኢንተርቪው ላይ የሚሆነውን አንተው ገምተው።

ሌላም አለ። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1995 ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚገቡት ሴቶቹ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2000 ወደ 42 በመቶ ደረሱ። ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ፣ ቀድሞ ኮድ ጽፎ መምጣትን ለመግቢያ እንደ ትልቅ ነጥብ መቁጠር ማቆም ነው፤ የመጀመሪያውን ኮርስም ልምድ ላለውና ለሌለው ለየብቻ ከፈቱት። ትምህርቱን አላቀለሉትም። ልምድን ከችሎታ ለዩ፣ አበቃ።

አንድ ቦታ ላይ ግን እስማማለሁ። በድጋፍ አስገብቶ ቲቶሪያል ሳይሰጡ፣ ላይብረሪ እስከ ማታ አጥንታ ወደ ዶርም የምትመለስበትን መንገድ መብራት ሳያበሩ መተው ልጅቷን መጉዳት ነው፣ አንደኛ ሴሚስተር ላይ ትባረርና ደግሞ «አላልኳችሁም?» ይባላል። መቆጣት ካማረህ በዚህ ተቆጣ። «በአፈርማቲቭ የገባች» እያሉ ክላስ ውስጥ መጥራቱንም ተዉት፣ አብራችሁ ነው የምትመረቁት።

«ቤታችን አንድ ላፕቶፕ ነው ያለው። ወንዱና ሴቷ ልጄ ሁለቱም ሃይስኩል ናቸው። እኩል ነው የማያቸው። እሷ ግን ፊዚክስ እየወረደባት ነው፣ ትንሿ ልጄም ‹ሒሳብ የወንድ ነው› ማለት ጀምራለች። ምን ላድርግ?»

እናቴ፣ እኩል እንደሚወዷቸው አልጠራጠርም። እስኪ ለአንድ ሳምንት ማንንም ሳይቆጡ ሰዓት ብቻ ይያዙ። ከትምህርት ቤት መልስ እስከ እራት ላፕቶፑ ማን ጋ ነበር? ሊጡን ያቦካው፣ ዕቃ ያጠበው፣ ውሃ በመጣ ጊዜ ባልዲ የሞላው ማን ነው? አብዛኛው ቤት ሲቆጠር ፊዚክሱ የት እንደገባ ይታያል። መፍትሔው ልጅቷን «በርቺ» ማለት አይደለም፤ ወንዱ ዕቃ ያጥባል፣ ላፕቶፑ በሰዓት ይከፈላል፣ የመጀመሪያው ሰዓት የእሷ ይሁን። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

የትንሿን ነገር ቸል አይበሉ። በ2017 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የአምስት ዓመት ሴት ልጆች «በጣም በጣም ጎበዝ ማን ነው?» ሲባሉ እንደ ወንዶቹ የራሳቸውን ፆታ ይመርጣሉ፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ግን ይህ ይቀንሳል፣ ጥሩ ውጤት የሚያመጡት ሴቶች እንደሆኑ እያወቁም። ገና ጥርሷ ሳይነቀል ይጀምራል ማለት ነው። እርሶ «እኔም ሒሳብ አልወድም ነበር» የምትለዋን ነገር እሷ ፊት አይበሏት፣ ሌላ ልዩ ነገር አይጠበቅብዎትም።

«ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ኢንተርቪው ላይ ‹ሳይት ትችያለሽ? መች ነው የምታገቢው?› ተባልኩ። ደነገጥኩ፣ ‹አላገባም› ብዬ ወጣሁ።»

«አላገባም» ማለትሽ ገባኝ፣ እኔም ብሆን እንጀራዬን አስቀድም ነበር። ግን ያ ጥያቄ ለወንዱ አልቀረበም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. በፆታ ማድላትን ይከለክላል። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት ስንት? ሦስት ቀን! ገንፎው ሳያልቅ ፈቃዱ ያልቃል። አሠሪው ሒሳቡን ሁሌ በሴቷ ላይ ብቻ የሚያሰላው በዚህም ነው፣ አባትም ረዘም ያለ ፈቃድ ቢኖረው «መች ነው የምታገባው?» ለሁለቱም ይቀርብ ወይም ለሁለቱም ይቀር ነበር።

ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ በይ፦ «ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ይንገሩኝ፣ የምችለውንና የማልችለውን እነግርዎታለሁ።» ከዚያ አንቺም ጠይቂ። ሳይቱ ላይ ለሴት መጸዳጃ አለ? ሰርቪስ አለ? በልክሽ የሚሆን የሴፍቲ ጫማ አለ? ቀላል ይመስላል፣ ሳይት ለቀው የሚሄዱ ሴቶችን ብትጠይቂ ግን ስለ ኮንክሪት ሳይሆን ስለ መጸዳጃ ነው የሚያወሩሽ።

«ለሚኒ ሚዲያ ዝግጅት ነው። ከማሪ ኩሪ ሌላ ሳይንቲስት ሴት ንገሪኝ፣ ኢትዮጵያዊት ብትሆን ደስ ይለኛል።»

ጎበዝ፣ ማሪ ኩሪን ለአንድ ዓመት እናሳርፋት። ሰገነት ቀለሙ፦ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ፣ ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመራች፣ በ2014 የሎሪያልና ዩኔስኮ ሽልማት ያገኘች። ሶሲና ኃይሌ፦ አዲስ አበባ የተወለደች፣ በፉዌል ሴል (ነዳጅን ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ምርምሯ የታወቀች። አምሳለ ጓሉ፦ መጀመሪያ አርክቴክቸር ተምራ በኋላ በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነች።

ትምኒት ገብሩንም ጨምር፣ እሷም አዲስ አበባ ነው የተወለደችው። በ2018 ከተመራማሪዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት ፊት አይተው ፆታ የሚለዩ ፕሮግራሞች የነጭ ወንድን ፊት ሲለዩ ስህተታቸው ቢበዛ 0.8 በመቶ፣ ጠቆር ያለች ሴት ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳየች። ሠሪዎቹ ክፍል ውስጥ እኛን የምትመስል ሴት ስትጠፋ ምን እንደሚከተል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሚኒ ሚዲያ ላይ ቁጥሩን ቀስ ብለህ አንብበው።

«ኮዲንግ መማር እፈልጋለሁ፣ ለኮርስ የምከፍለው የለኝም።»

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ነፃ ነው። ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት አለው፣ በኢንተርኔት ነው የምትመዘገቢው። ቪዲዮውን በስልክ ማየት ትችያለሽ፣ ኮዱን ለመጻፍ ግን ኮምፒውተር ፈልጊ፤ ትምህርት ቤታችሁ የኮምፒውተር ክፍል ካለው ቁልፉን ማን እንደያዘ ጠይቂ፣ ብቻሽን ሳይሆን ሦስት አራት ሴቶች ሆናችሁ። ለአንድ ሰው «ነገ» ይባላል፣ ለአራት ሰው ግን መክፈት ይቀላቸዋል። ሰርተፊኬቱን ሲሰጡሽ ደስ ይበልሽ፣ ከሱ ጎን ግን የሠራሽውን አንድ ነገር አስቀምጪ፣ የሰፈራችሁ ሱቅ የዱቤ መዝገብም ቢሆን።